ክብደት አከፋፋይ የካራቫን ማያያዣ፦ ከጋዝ ሲሊንደሮች ጋር ስለገባው የቦታ ሽሚያ

ካራቫንን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት መኖሪያ ቤትን፣ ከጎታቹ መኪና ጋር የሚያገናኝና ሁለት የጉዞ ወቅት ሙሉ የተጠቀምሁበትን ክብደት አከፋፋይና ውዝዋዜ ተቆጣጣሪ ማያያዣ ለመገምገም ስነሣ፣ በቅድሚያ ላወራው የሚገባኝ ስለ መንገድ ላይ ጠባዩ ሳይሆን ስለ አገጣጠሙ ነው። ዕቃው የተሠራለትን ሥራ ይሠራል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን በካራቫኑ የመጎተቻ ክንድ ላይ እርሱ የሚፈልገው ስፍራና ሁለቱ የፕሮፔን ሲሊንደሮች ከፋብሪካ ጀምሮ ይዘውት የኖሩት ስፍራ አንድ ሆኖ በመገኘቱ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብዬ የጀመርሁት ጉዳይ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ በሥዕሉ ላይ የሚያሳየው ባዶ ክንድ ነው፤ ሲሊንደር የለበትም፣ ባትሪ የለበትም፣ ክሪክ እንኳ የለበትም። እንዲህ ያለ ራቁቱን የቀረ ካራቫን በመንገድ ላይ አይቼ አላውቅም።

የእኔ ካራቫን 7 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ተጭኖ ሲመዘን 3000 ኪሎ ግራም ገደማ የሚደርስ ነው። የመጎተቻ ክንዱ ማለት ከሥሩ የሚወጡት ሁለት ብረቶች ናቸው፤ እየተጠጋጉ ሄደው ከፊት፣ በመኪናው የመጎተቻ ኳስ ላይ በሚቀመጠው መያዣ ዘንድ ይገናኛሉ፤ ከላይ ሆኖ ለሚያያቸው እግሮቹን የዘረጋ የ«ለ» ፊደል ይመስላሉ። በዚህ ፊደል መሐል፣ በሁለት አግዳሚ የአንግል ብረቶች ላይ ባረፈ መቀመጫ፣ እያንዳንዳቸው 13.6 ኪሎ ግራም ጋዝ የሚይዙ ሁለት ሲሊንደሮች ቆመዋል። ብረታቸው ከጋዙ ጋር ሲመዘን አንዱ 25 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚሆን፣ ሁለቱ በድምሩ 50 ኪሎ ግራም ናቸው ማለት ነው። ከኋላቸው የባትሪው ሳጥን፣ ከፊታቸው ክሪኩ አለ። ማያያዣው እንዲገባ የተፈረደበት ሰፈር ይህ ነው።

ውዝዋዜ የምለው ካራቫኑ በኳሱ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ የጎታቹን መኪና ጭራ ይዞ ሲሄድ የሚፈጠረውን ነው። የጎን ነፋስ፣ የሚያልፍ ትልቅ የጭነት መኪና የሚገፋው አየር ወይም ድንገተኛ የመሪ እንቅስቃሴ ይጀምረዋል፤ ፍጥነቱ ከፍ ባለ ቁጥርም በራሱ የመሞት ኃይሉ ይዳከማል። ዋናው መድኃኒት አጫጫን ነው፦ ከካራቫኑ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በኳሱ ላይ ሊያርፍ ይገባል። ዕቃውን ሁሉ ከኋላ የከመረ ሰው የትኛውንም ዓይነት ውዝዋዜ ተቆጣጣሪ ቢገጥም ችግሩን ከማዘግየት በቀር አያስወግደውም። የእኔው ካራቫን በኳሱ ላይ 370 ኪሎ ግራም ያሳርፋል፤ ይህም 12 በመቶ ያህል ስለሆነ ዕቃውን የገዛሁት የተበላሸ አጫጫን ለመሸፈን አልነበረም።

የዕቃው አሠራር በአጭሩ ይህ ነው። ኳሱን የተሸከመው ወፍራም የብረት ራስ በጎታቹ መኪና ላይ ይገባል። ከራሱ ግራና ቀኝ ሁለት ጠንካራ፣ እንደ ሞላ የሚለጠጡ ዘንጎች ወደ ኋላ ይዘረጉና በክንዱ ሁለት ብረቶች ላይ በብሎን በታሰሩ፣ እንደ ክርን በታጠፉ ማቀፊያዎች ላይ ያርፋሉ። ዘንጎቹ ተወጥረው ስለሚቀመጡ የመኪናውን የኋላ ክፍል ወደ ላይ ያነሣሉ፣ ከኳሱ ጫና ከፊሉንም ወደ ፊት ጎማዎችና ወደ ካራቫኑ ጎማዎች ያካፍላሉ። ካራቫኑ ሊወዛወዝ ሲል ደግሞ ዘንጎቹ በማቀፊያዎቹ ላይ መንሸራተት ግድ ስለሚሆንባቸው፣ በዚያ ጫና ሥር የሚፈጠረው ሰበቃ እንቅስቃሴውን ገና ሳይጎለብት ይይዘዋል። ሰንሰለት የለውም፣ ለብቻው የሚሰካ የሰበቃ ዘንግም አያስፈልገውም። በዚህ ቀላልነቱ ነው የወደድሁት።

የሽሚያው ምንጭ ማቀፊያዎቹ ናቸው። የእኔው ዕቃ መመሪያ ማቀፊያው ከኳሱ መሐል ከ27 እስከ 32 ኢንች፣ ማለትም ከ69 እስከ 81 ሴንቲሜትር ባለው ርቀት ውስጥ እንዲታሰር ያዛል። ማቀፊያው ሁለት ሳንቃ ብረቶች አሉት፤ አንዱ ከክንዱ ብረት ውጭ፣ ሌላው ከውስጥ በኩል ይቆማል፣ ከክንዱ በላይና በታች በሚያልፉ ብሎኖችም እርስ በርስ ይጨባበጣሉ። ክንዱን ሳይበሱ መግጠም መቻሉ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ የላይኛው ብሎን የሚያልፍበት የክንዱ ጀርባና የውስጠኛው ሳንቃ የሚቆምበት ጎን በትክክል የሲሊንደሮቹ መቀመጫ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በእኔ ካራቫን የመቀመጫው የፊት አግዳሚ ከኳሱ 72 ሴንቲሜትር ላይ ነበር፤ ማቀፊያው 8 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ስላለው ከተፈቀደለት ክልል ውስጥ ከአግዳሚው ጋር ሳይጋጭ የሚቀመጥበት አንድም ነጥብ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ አለካክ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ እኔን ራሴን ለግማሽ ቀን ያሳሳተኝ ነውና። ከላይ ያሉት ርቀቶች የሚለኩት ከኳሱ መሐል ተነሥቶ በክንዱ ብረት ጎን ለጎን ነው። በመጀመሪያ እኔ ሜትሬን የዘረጋሁት በ«ለ» ፊደሉ መሐል፣ ከኳሱ ቀጥታ ወደ ካራቫኑ ግድግዳ ነበር። ሁለቱ ብረቶች በመካከላቸው 50 ዲግሪ ያህል የሚከፍቱ ከሆነ፣ በብረቱ ጎን 75 ሴንቲሜትር የሆነው ርቀት በመሐል መስመር ሲለካ 68 ብቻ ነው። ልዩነቱ 7 ሴንቲሜትር ነው፤ የሚፈቀደው ክልል ጠቅላላ ስፋት 12 ሴንቲሜትር ሲሆን 7ቱን በአለካክ ስሕተት መብላት ማለት ማቀፊያውን ያለቦታው አስሮ ትክክል ነው ብሎ መሄድ ማለት ነው። አምራቾች ሁሉ በአንድ መንገድ ስለማያስለኩ የራስን መመሪያ ሥዕል አስተውሎ ማንበብ ይገባል።

ከመግዛቴ በፊት ሌሎቹን ሁለት ዓይነቶች ከሲሊንደሮች ጋር ስላላቸው ጠብ መርምሬያቸው ቢሆን ኖሮ ውሳኔዬ ይቀየር ነበር ወይ የሚለውን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። የመጀመሪያው በሰንሰለት የሚሠራው ነው። በእርሱ ዘንጎቹ በሰንሰለት ተንጠልጥለው፣ ሰንሰለቱ ደግሞ በክንዱ ላይ በተቀመጠ ማጠፊያ ተስቦ ይቆለፋል። ማጠፊያው ክንዱ ላይ የሚይዘው ስፍራ ጠባብ ስለሆነ በወረቀት ላይ ለሲሊንደር ባለቤት የሚመች ይመስላል። ነገር ግን ማጠፊያውን ለመቆለፍ ረጅም የብረት ቱቦ ሰክቶ ወደ ላይና ወደ ውስጥ በኃይል መገልበጥ ያስፈልጋል፣ ቱቦው የሚገለበጥበት አየር ደግሞ ሲሊንደሮቹ የቆሙበት አየር ነው። አብሮኝ የሚጓዝ ወዳጄ ይህን ዓይነት ይጠቀማል፤ ባሰረና በፈታ ቁጥር የሲሊንደሮቹን የፕላስቲክ ክዳን አስቀድሞ ያነሣል፣ ምክንያቱም ክዳኑ አንድ ጊዜ በቱቦው ተመትቶ ተሰንጥቋል። የተወጠረ ሰንሰለት ያለበት ማጠፊያ ከእጅ ቢያመልጥ የሚመታው ክዳን ብቻ ነው ብሎ መተማመን አይቻልም፤ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተርም ሆነ የጋዝ ቱቦዎቹ እዚያው ናቸው።

ሁለተኛው ለብቻው የሚገጠመው የሰበቃ ዘንግ ነው። ይህ ከትንሽ ኳስ ወደ ትንሽ ኳስ የሚዘረጋ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ባለ ሁለት ክፍል ብረት ሲሆን፣ በመያዣው ጥብቀት የሰበቃው መጠን ይወሰናል። በክንዱ ላይ የሚፈልገው ከኳሱ 24 ኢንች ወይም 61 ሴንቲሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በክንዱ ውጫዊ ጎን የሚታሰር አንዲት ትንሽ ሳንቃ ብቻ ነው፤ ያ ስፍራ በአብዛኛው ከሲሊንደሮቹ መቀመጫ ፊት ስለሚውል ሽሚያ አይፈጠርም። ይሁን እንጂ ክብደት አያከፋፍልም፣ ወደ ኋላ ከመንዳት በፊት መፈታት አለበት፣ መንገዱ በሚያንሸራትትበት ጊዜም እንዲላላ ወይም እንዲወጣ አምራቾቹ ያስጠነቅቃሉ። ለቀላል ካራቫን ይበቃል። ለእኔው 3000 ኪሎ ግራም ግን የመጠባበቂያ መፍትሔ እንጂ ዋና መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ከገዛሁት ዕቃ ጋር ቆየሁ፣ ከፊቴም አራት መንገዶች ነበሩ። የመጀመሪያው ማቀፊያውን ከክልሉ አውጥቶ ከመቀመጫው ፊት ወይም ኋላ ማሰር ነው። ሻጩን በጠየቅሁት ጊዜ የመለሰልኝ ይህንኑ ነበር፤ «ጥቂት ሴንቲሜትር ምንም አያመጣም» አለኝ። ያመጣል። ዘንጉ እንደ ማንሻ ስለሚሠራ ማቀፊያው ወደ ኳሱ በቀረበ ቁጥር ያንኑ ክብደት ለማካፈል በማቀፊያውና በክንዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ይበዛል። ወደ ኋላ ከራቀ ደግሞ የዘንጉ ጫፍ ከማቀፊያው አልፎ የሚተርፈው ርዝመት ያጥራል፣ መኪናው በጠባቡ ሲታጠፍም አንዱ ዘንግ ወደ ፊት ስለሚሳብ ከማቀፊያው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በጠባብ መታጠፊያ ላይ የእኔ ዘንጎች አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ 8 ሴንቲሜትር ገደማ እንደሚሄዱ በኋላ ለክቼ አረጋግጫለሁ፤ «ጥቂት ሴንቲሜትር» የተባለው ያ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የመቀመጫውን አግዳሚ ብረት በማቀፊያው ልክ መቁረጥ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደሚያደርግ ከተቆራረጡ መቀመጫዎች አይቻለሁ። እኔ ግን 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ሊቀጣጠል የሚችል ጋዝ የያዘ ጭነት የተሸከመን ብረት ጉድጓድ ባለበት መንገድ ላይ ግማሽ አድርጌ ለማስኬድ አልደፈርሁም። ሦስተኛው መንገድ መቀመጫውን ከክንዱ ላይ በብረት ቱቦ ቁራጮች ከፍ አድርጎ የማቀፊያውን የላይኛ ብሎን ከሥሩ ማሳለፍ ነው። ይህ መጥፎ አይደለም፤ በተለይ ከኋላ ቦታ ለሌለው ሰው ብቸኛው አማራጭ ሊሆን ይችላል። የሚያስቸግረው ሲሊንደሮቹ ከፍ ባሉ ቁጥር መቀመጫው በጎን የሚናወጥበት ጉልበት መጨመሩ፣ እንዲሁም ብሎኑን ለማጥበቅ መፍቻ የሚገባበት ክፍተት ጠባብ ሆኖ መቅረቱ ነው።

አራተኛውን፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ መግፋትን መረጥሁ። በባትሪው ሳጥንና በሲሊንደሮቹ መካከል 12 ሴንቲሜትር ክፍተት ነበረኝ፤ በክንዱ ጎን 10 ሴንቲሜትር፣ በመሐል መስመር ደግሞ 9 ሴንቲሜትር ያህል ብገፋው የፊት አግዳሚው 82 ላይ ይውላል፣ ማቀፊያውም በ74 ላይ ከግጭት ነጻ ሆኖ ይቀመጣል። ከባትሪው ሳጥን ጋር 3 ሴንቲሜትር ይቀራል።

መግፋቱ በኳሱ ላይ ያለውን ክብደት ያዛባል የሚል ስጋት ስለነበረኝ አስቀድሜ በወረቀት ሠራሁት። ከኳሱ እስከ ጎማዎቹ መሐል 450 ሴንቲሜትር ነው። 50 ኪሎ ግራም በ9 ሴንቲሜትር ሲባዛ 450 ይሆናል፣ ለ450 ሲካፈል 1። ከኳሱ ላይ የሚነሣው አንድ ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በአንጻሩ ሁለቱም ሲሊንደሮች ባዶ ሲሆኑ ከ27 ኪሎ ግራም በላይ ጋዝ ስለሚጠፋ ኳሱ ላይ ያለው ጫና 22 ኪሎ ግራም ያህል ይቀንሳል። ማለትም ለሳምንታት ሻይ በማፍላትና ክፍሉን በማሞቅ የሚመጣው ለውጥ እኔ ከፈራሁት ሃያ እጥፍ ይበልጣል፣ ስለዚያኛው ግን ማንም ሲጨነቅ ሰምቼ አላውቅም።

በወረቀት ላይ ያላየሁት ሌላ ነገር ነበር። መቀመጫውን ፈትቼ ወደ ኋላ ስገፋው አግዳሚዎቹ አጠሩ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የ«ለ» እግሮች ወደ ታች በሄዱ ቁጥር ይራራቃሉ። በክንዱ ጎን 10 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ሲኬድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት 8 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ይሰፋል፣ ስለዚህም ከዳር እስከ ዳር ይደርስ የነበረው አግዳሚ አሁን ግራና ቀኝ በክንዱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ለጥቂት ብቻ ተንጠላጥሎ ቀረ። ሁለት ረጃጅም የአንግል ብረቶች ማስቆረጥ ግድ ሆነብኝ። ይህን ሥራ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይለካ፤ ሦስት ቀን ካልሁት ውስጥ አንዱን ሙሉ ቀን የበላው ይኸው ነው።

ብረቱን የቆረጠልኝና ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ የበሳልኝ ሽማግሌ ባለሙያ በክንዱ ላይ ሊበይደው እንደሚችል ስጠይቀው ካራቫኑን ዞር ብሎ አየና «ወንድሜ፣ እነዚያን ሲሊንደሮች ከዚህ አርቀህ ሳታስቀምጥ እሳት አልለኩስም፤ አርቀህ ብትመጣም ብሎን ይሻልሃል» አለኝ። ትክክል ነበር። ብየዳ ሁለተኛ መንቀሳቀስን ይከለክላል፣ የክንዱንም ብረት በሙቀት ይጎዳል። ክንዱን መብሳትንም አልወደድሁትም፤ የእኔው ክንድ ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት ሲሆን፣ የፍሬን ኤሌክትሪክ ገመድ በውስጡ ያልፋል፣ የጋዙ ብረት ቱቦ ደግሞ በጎኑ ተጣብቆ ይሄዳል። የትራፓኖ ጫፍ ከብረቱ ባሻገር ምን እንደሚያገኝ ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ አዲሶቹን አግዳሚዎች ክንዱን ከሥር አቅፈው ወደ ላይ በሚወጡ፣ የ«ሀ» ቅርጽ ባላቸው ብሎኖች አሰርኋቸው። በሰፊ ሮንዴላና ራሱን በሚቆልፍ ዳዶ ሲጠብቁ ንቅንቅ አይሉም።

በሥራው ሁሉ ሲሊንደሮቹ ተዘግተው፣ ተፈተው፣ አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ሥር ቀጥ ብለው እንደ ቆሙ ርቀው ተቀምጠዋል፤ ባትሪውም ተነቅሏል። ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ቢያፈስ ተበትኖ አይጠፋም፣ ወደ ታች ወርዶ በጉድጓድና በካራቫኑ ሥር ይጠራቀማል። ስለ ቱቦዎቹ ያሳሰበኝ ከገመትሁት በታች ሆኖ ተገኘ፦ ሬጉሌተሩ በመቀመጫው መሐል ባለው ቋሚ ዘንግ ላይ የታሰረ ስለሆነ ከሲሊንደሮቹ ጋር የሚያገናኙት ሁለቱ አጫጭር ቱቦዎች አብረውት ተንቀሳቀሱ። የሚለወጠው ከሬጉሌተሩ ወደ ካራቫኑ የሚሄደው አንድ የጎማ ቱቦ ብቻ ነው፣ እርሱም ወደ ኋላ በመገፋቱ ላላ እንጂ አልተወጠረም። የላላው ክፍል በብሎኖቹ ሹል ጫፍ እንዳይፈተግ በሌላ ጎን አሳልፌ በማሰሪያ ያዝሁት። መቀመጫውን ወደ ፊት የሚገፋ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ቱቦው ይወጠራል፣ የተወጠረን የጋዝ ቱቦም በረጅም መቀየር እንጂ መሳብ አይገባም። ሁሉም ከታሰረ በኋላ ቫልቩን ቀስ ብዬ ከፍቼ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሳሙና ውኃ ቀባሁ። አንዱ ላይ አረፋ አየሁ፣ ዘግቼ አጠበቅሁት፣ በድጋሚ ቀባሁት። የጋዝ ዕቃ ፈትቶ መግጠም ያልለመደ ሰው ይህን ክፍል ለባለሙያ ቢተው አይታማም።

ከዚያ በኋላ ያለው የማያያዣው የራሱ አገጣጠም ነው፣ እርሱም ያለ ችግር ሄደ። ኳሱን የተሸከመው የብረት ራስ ዝንባሌ በሮንዴላ ብዛት ይስተካከላል። ለክብደቱ ማካፈል የሚያስፈልገው ሜትር ብቻ ነው፦ ከመሬት እስከ ፊት ጎማው በላይ ያለው የመኪናው ጠርዝ ድረስ ሦስት ጊዜ መለካት፣ ካራቫኑ ሳይያያዝ፣ ዘንጎቹ ሳይወጠሩ ሲያያዝ፣ ተወጥረው ሲያያዝ። የእኔው መኪና ሳይያያዝ 90 ሴንቲሜትር፣ ያለ ዘንግ ሲያያዝ 93 ነበር፤ ዘንጎቹ ሲወጠሩ 91.5 ሆነ። ከፍ ካለው 3 ሴንቲሜትር ግማሹን መመለስ የእኔ መኪና መመሪያ የሚጠይቀው ስለሆነ እዚያው ላይ ተውሁት። አንዳንዱ መኪና ሌላ መጠን ይጠይቃል።

ከመንገድ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ ወስጄ መሪውን እስከ ጫፉ ግራና ቀኝ እያዞርሁ፣ በየጊዜው እየወረድሁ አየሁ። ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የዘንግ ጭራ ከአዲሶቹ ብሎኖች ዙሪያ 2 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። ጠባብ ነው፣ ግን አይነካም። ሲሊንደሮቹ ወደ ኋላ መሄዳቸው ያልጠበቅሁት ጥቅምም አስገኘ፤ የመኪናው የኋላ በር ሲከፈት ቀድሞ ወደ ሲሊንደሮቹ ክዳን በጣም ይጠጋ ነበር፣ አሁን ክሪኩን ብቻ መጠንቀቅ በቂ ሆኗል።

በመንገድ ላይ ስላለው ጠባይ ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም ስለ ጥሩ ነገር የሚወራው ጥቂት ነው። ትልልቅ የጭነት መኪኖች ሲያልፉ ቀድሞ ካራቫኑ መጀመሪያ ወደ እነርሱ ተስቦ ኋላም ተገፍቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወዛወዝ ነበር፤ አሁን አንድ ጊዜ ገፋ ያደርገውና ይቆማል። መኪናው ጭራውን ጥሎ አፍንጫውን አያነሣም፣ በሌሊት መብራቱ ወደ መንገዱ እንጂ ወደ ዛፍ አይመለከትም። ወደ ኋላ ስነዳ ምንም አልፈታም። ያም ሆኖ በኃይለኛ የጎን ነፋስ ፍጥነት መቀነስን አልተውሁም፤ ካራቫኑ መወዛወዝ ቢጀምርም መሪን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ነዳጅ ለቅቆ፣ የካራቫኑን ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው ቀስ አድርጎ መንካት እንደሚገባ ማያያዣው አያስረሳም።

ድምፁ ግን ይሰማል። በዝግታ ሲታጠፉ ዘንጎቹ በማቀፊያዎቹ ላይ ሲንሸራተቱ እንደ አሮጌ የብረት በር ያቃስታሉ፣ በመኪና ማቆሚያ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። በብረቱ ራስ ውስጥ ያሉት የዘንጎቹ ማስገቢያዎች ግራሶ ይፈልጋሉ፤ ማቀፊያዎቹ የሚነካኩበትን ገጽ ግን ድምፁን ጠልቶ ግራሶ መለቅለቅ የተከፈለበትን ሰበቃ መልሶ ማጥፋት ነው፣ አምራቹ በግልጽ ካልፈቀደ አይደረግም። ዘንጎቹ ከባድ ናቸው፣ ሲፈቱም ካራቫኑንና መኪናውን በክሪኩ አንሥቶ ጫናውን አስቀድሞ ማቅለል ካልተለመደ ጣት ያስቀራሉ። ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆሜ ብሎኖቹን ስፈትሽ ከማቀፊያዎቹ ዳዶዎች ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ላልተው አገኘኋቸው፤ የመቀመጫው ብሎኖች ግን እንዳሉ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየጉዞው መጀመሪያ ሁሉንም እፈትሻለሁ፣ አንድም ዳግመኛ አልላላም።

ዕቃውን ለማን እመክረዋለሁ ቢባል፣ ካራቫኑ ከበድ ላለበትና ከሲሊንደሮቹ ኋላ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ክፍተት ላለው ሰው ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ያን ክፍተት ለሌለው ሰው ግን፣ አምራቹ ለእንዲህ ያለ ክንድ የተለየ ማቀፊያ እንዳለው ሳይጠይቅና በጽሑፍ ሳያረጋግጥ እንዲገዛ አልመክርም። ሻጩ «ለማንኛውም ካራቫን ይሆናል» ቢለው የራሱን ሜትር ይመን። ከአምስት ነጥብ አራት እሰጠዋለሁ፤ የጎደለውን አንዱን ነጥብ የወሰደው ብረቱ ሳይሆን ያ ባዶ ክንድ የተሣለበት ወረቀት ነው።

አንድ ያልፈታሁት ነገር ይቀራል። የሲሊንደሮቹ የፕላስቲክ ክዳን በአዲሱ ቦታው የኋላ ጠርዙ ከባትሪው ሳጥን ማሰሪያ ጋር ስለሚጋጭ ሙሉ በሙሉ አይወርድም። ጠርዙን በትንሹ ከርክሜዋለሁ፣ ነገር ግን በዝናብ ጊዜ ውኃ በዚያ በኩል ይገባና ሬጉሌተሩ ላይ ይንጠባጠባል። ለጊዜው የጎማ ቁራጭ ለጥፌበታለሁ። ይይዝ እንደሆነ የሚቀጥለው የዝናብ ጉዞ ያሳየኛል።